የብርድ ወራት ተወርዋሪ ከዋክብት፦ የትኛውን ሌሊት፣ በምን መሣሪያ መጠበቅ ይሻላል?

በየዓመቱ መጨረሻ የሚወጡ የሰማይ መቁጠሪያዎች «በሰዓት 150 ተወርዋሪ ኮከብ» የሚል ቁጥር ይዘው ይመጣሉ። ይህን ያነበበ ሰው ወፍራም ልብሱን ደርቦ ገና በምሽቱ ከከተማ ዳር አንድ ሰዓት ይቆማል፤ አሥራ አንድ ቆጥሮ ሲገባ ወይ ዓይኑን ይጠራጠራል፣ ወይ መቁጠሪያውን ይረግማል። ዓይኑም ደኅና ነው፣ መቁጠሪያውም አልዋሸም፤ ቁጥሩ የተሰላው ግን እርሱ ለቆመበት ሰማይና ሰዓት አይደለም።

ይህ መመሪያ የተጻፈው በብርድ ውጭ ለማደር የሚችልበት ሌሊት በጣት የሚቆጠር ለሆነ ጀማሪ ነው። ከኖቬምበር እስከ ጃንዋሪ መጀመሪያ ከሚታዩት አምስት ዋና ዋና የተወርዋሪ ከዋክብት ዝናቦች የትኛውን ቢመርጥ ድካሙ እንደማይባክን፣ ከመረጠም በኋላ ዓይኑ ብቻ ይበቃው እንደሆነ ወይም ካሜራ፣ ቪዲዮና ሬዲዮ የሚጨምሩለት ነገር እንዳለ ያነጻጽራል። «የብርድ ወራት» የምለው በሰሜናዊው ንፍቀ ክበብ ሌሊቱ የሚረዝምባቸውን ወራት ነው፤ ክረምት የሚለውን ቃል የተውኩት ወዲያው ዝናብና ደመና ስለሚያስታውስ ነው። ወራቱን በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር፣ ሰዓቱን ግን በለመድነው የቀንና የሌሊት አቆጣጠር እጽፋለሁ።

በቅድሚያ መመዘኛዎቹ

የመጀመሪያው መመዘኛ የመፍለቂያ ነጥቡ ከፍታ ነው። የአንድ ዝናብ ቅንጣቶች፣ ማለትም በከባቢ አየር ሲነድዱ ተወርዋሪ ኮከብ ሆነው የሚታዩን ጥቃቅን አካላት፣ ወደ ምድር የሚመጡት ጎን ለጎን፣ በትይዩ መስመር ነው፤ ሆኖም የረጅምና ቀጥ ያለ መንገድ ዳርና ዳር በሩቁ የተገናኘ እንደሚመስል ሁሉ፣ እነርሱም ከአንድ የሰማይ ነጥብ የፈለቁ ይመስላሉ። ዝናቡ ስሙን የሚወስደው ይህ ነጥብ ካረፈበት ኅብረ ኮከብ ነው። ነጥቡ አናት ላይ ሲሆን ቅንጣቶቹ ቀጥ ብለው ይወርዳሉ፤ ወደ አድማስ ዝቅ ባለ መጠን ግን ያው ብዛት በሰፊ የሰማይ ክፍል ላይ ስለሚበተን ለአንድ ተመልካች የሚደርሰው ያንሳል። ነጥቡ በ30 ዲግሪ ከፍታ ላይ ሲሆን የሚታየው ግማሹ ብቻ ነው፤ በ10 ዲግሪ ላይ ሲሆን ደግሞ ከስድስት አንድ ገደማ ነው።

ሁለተኛው የሰማዩ ጨለማ ሲሆን፣ በእኔ ግምት ሰዎች ከሁሉ አቃልለው የሚያዩት ይህንን ነው። በመቁጠሪያዎች ላይ የሚታተመው ቁጥር የአናት ሰዓታዊ ቁጥር ነው፤ ይኸውም የመፍለቂያ ነጥቡ ልክ አናት ላይ ቢሆን፣ ደመና ባይኖርና ዓይን እስከ 6.5 የድምቀት ደረጃ ድረስ ያሉ ደብዛዛ ከዋክብትን ቢለይ አንድ ሰው በሰዓት ይቆጥረው የነበረው ነው። በዚህ የድምቀት ደረጃ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ኮከቡ ይደበዝዛል። በሰማዩ ብርሃን ምክንያት አንድ ደረጃ በጠፋ ቁጥር የሚታዩት ተወርዋሪ ከዋክብት እንደ ዝናቡ ዓይነት ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ይቀንሳሉ፤ ደብዛዛዎቹ ሁልጊዜ ከደማቆቹ ይበዛሉና።

ስሌቱን በዲሴምበር አጋማሽ በሚታየው፣ ጀሚኒድስ በተባለው ዝናብ እንሞክረው። የታተመው ቁጥር 150 ሲሆን፣ የዚህ ዝናብ መቀነሻ በየደረጃው 2.6 ነው። ዓይን እስከ 5.5 ብቻ በሚያይበት ገጠር ቀመስ ሰማይ 150 በ2.6 ሲካፈል 58 ይሆናል። እስከ 4.5 ብቻ በሚታይበት የከተማ ዳር እንደገና በ2.6 ሲካፈል 22 ይቀራል። ሰዓቱ ገና ከመሆኑ የተነሣ የመፍለቂያ ነጥቡ ከ30 ዲግሪ ያልበለጠ እንደሆነ 22 ወደ 11 ይወርዳል። መግቢያው ላይ ያነሣነው ሰው አሥራ አንድ የቆጠረው በዚህ ነው።

ሦስተኛው ጨረቃ ናት። የጨረቃ ዓመት ከፀሐይ ዓመት በ11 ቀን ገደማ ስለሚያጥር፣ በዘመን ቆጠራ አበቅቴ የሚባለው ይህ ልዩነት አንዱን ሌሊት በየዓመቱ ለሌላ የጨረቃ ዕድሜ አሳልፎ ይሰጠዋል። በ2024 የጀሚኒድስ ሌሊት ከሙሉ ጨረቃ ጋር ገጠመ፤ በ2025 ከእኩለ ሌሊት በኋላ የምትወጣ ጎዶሎ ጨረቃ ደረሰችው፤ በ2026 በጊዜ የምትጠልቅ ገና ለጋ ጨረቃ ትደርሰዋለች፤ በ2027 ደግሞ ዳግመኛ ሙሉ ጨረቃ ይመጣል። ከሦስት ዓመት አንዱ እንደሚባክን ቀድሞ ማወቅ ይገባል።

አራተኛው የከፍታው ጊዜ፣ ማለትም ዝናቡ እጅግ የሚበረታበት ጊዜ፣ ስፋት ነው፤ አንዳንዱ ዝናብ ለሳምንታት ያንጠባጥባል፣ አንዳንዱ በጥቂት ሰዓታት ያልቃል። አምስተኛው የቅንጣቶቹ ፍጥነትና ድምቀት ነው። ቀርፋፋውን ዞር ብሎ ለማየት ጊዜ ይገኛል፤ ፈጣኑ ግን «ያውላችሁ!» እስኪባል አይጠብቅም።

ጀሚኒድስ፦ ዲሴምበር 13 እና 14

በአምስቱም መመዘኛዎች ሲመዘን የሚስተካከለው የለም ብዬ አምናለሁ። የመፍለቂያ ነጥቡ በገውዝ ኅብረ ኮከብ፣ ካስተር ከሚባለው ደማቅ ኮከብ አጠገብ ነው። ነጥቡ በምድር ወገብ አካባቢ ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ ይወጣል፤ ወደ ሰሜን በራቁ አገሮች ግን ፀሐይ ከጠለቀች ብዙም ሳይቆይ ይታያል። ከፍተኛው ቦታ የሚደርሰው በሁሉም ዘንድ ከሌሊቱ 8 ሰዓት አካባቢ ነው። ስለዚህ እስከ ንጋት መንቃት የማይችል ሰው እንኳ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ እኩለ ሌሊት ባለው ጊዜ ብዙ ሊያይ ይችላል። ይህ ከአምስቱ በጥቂቶቹ ብቻ የሚገኝ ምቾት ነው።

ቅንጣቶቹ በሰከንድ 35 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛሉ። ይህ እንደ ተወርዋሪ ኮከብ መካከለኛ ፍጥነት ስለሆነ ጀማሪ ዓይን በቀላሉ ይይዛቸዋል፤ ብዙዎቹም ነጭና ወርቃማ ናቸው። ምንጫቸውም ለየት ያለ ነው። አብዛኞቹ ዝናቦች የጅራታም ኮከብ ትራፊ ሲሆኑ፣ ጀሚኒድስ የሚመጣው ኢራስ በተባለችው የኢንፍራሬድ ሳተላይት በ1983 ከተገኘው ፋኤቶን ከተባለ አስትሮይድ ነው። ፋኤቶን ፀሐይን በ1.4 ዓመት ይዞራል፤ ሲቀርባትም ከሜርኩሪ ይልቅ ይጠጋታል። ቅንጣቶቹ ከጅራታም ኮከብ አቧራ ይልቅ ጠንከር ያሉ በመሆናቸው ወደ ከባቢ አየር ጠለቅ ብለው ይነድዳሉ።

ከከፍታው በፊት ያለው ሌሊትም አያሳፍርም፤ ደመና ያሰጋው ሰው አንድ ቀን ቀድሞ ቢወጣ ብዙ አይከስርም። ከከፍታው በኋላ ግን ቁጥሩ ቶሎ ያሽቆለቁላል፤ ማጽናኛው ዘግይተው ከሚመጡት መካከል ደማቆቹ በመጠን መብዛታቸው ነው። ከደቡባዊው ንፍቀ ክበብ መካከለኛ ኬክሮስም ይታያል፤ እዚያ ግን የመፍለቂያ ነጥቡ ዝቅ ስለሚል ቁጥሩ ከግማሽ በታች ይሆናል።

ኳድራንቲድስ፦ ጃንዋሪ 3 እና 4

በታተመው ቁጥር ብቻ ከተፈረደ ይህ ዝናብ የጀሚኒድስ ተፎካካሪ ነው፤ የአናት ሰዓታዊ ቁጥሩ እንደ ዓመቱ ከ80 እስከ 120 ይገመታል። እኔ ግን ለጀማሪ አልመክረውም።

ችግሩ የጊዜው ጥበት ነው። ከከፍታው ግማሽ በላይ የሚቆየው ለስድስት ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። እነዚያ ስድስት ሰዓታት በእናንተ ዘንድ ቀን ከሆኑ፣ ሌሊቱን ሙሉ ነቅታችሁ የምትቆጥሩት የተረፈውን ነው። በተጨማሪም የመፍለቂያ ነጥቡ ከፍ የሚለው ሌሊቱ ሊነጋ ሲል ነው። በሰሜን 50 ዲግሪ ኬክሮስ ላይ ያለ ተመልካች ጎህ ሳይቀድ ነጥቡን 70 ዲግሪ አካባቢ ያገኘዋል፤ በሰሜን 10 ዲግሪ ላይ ያለው ግን በዚያው የንጋት ሰዓት 35 ዲግሪ ገደማ ላይ ብቻ ያየዋል፤ ከዚያ ወዲያ ይነጋበታል። ሩቅ ደቡብ ላለ ሰው ጨርሶ የሚሆን አይደለም።

ስሙ ራሱ የጠፋ ኅብረ ኮከብ መታሰቢያ ነው። ፈረንሳዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ላላንድ በ1795 ግድግዳ ላይ በሚተከል የከዋክብት መለኪያ መሣሪያ ስም የሰየመው ኅብረ ኮከብ ነበረ፤ በ1922 ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት የኅብረ ከዋክብትን ዝርዝር ሲወስን ግን ቀረ፤ ዝናቡ ብቻ ስሙን ይዞ ቀጠለ። ዛሬ የመፍለቂያ ነጥቡ የሚቆጠረው ቡኦቴስ በተባለው ኅብረ ኮከብ ውስጥ ነው። ምንጩ በ2003 የተገኘው 2003 ኢኤች1 የተባለ አካል እንደሆነ ታውቋል። ይህን ዝናብ የሚመርጥ ሰው ከቀኑ ይልቅ የከፍታውን ሰዓት በዓለም አቀፍ ሰዓት ፈልጎ ወደ ራሱ ሰዓት ይቀይር፤ ከሌሊቱ 8 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ካልወደቀ ዓመቱን ይለፈው።

ሊዮኒድስ፦ ኖቬምበር 17 እና 18

ይህ ዝናብ የሚኖረው በታሪኩ ነው። በኖቬምበር 1833 በሰሜን አሜሪካ ሰማይ እንደ ውሽንፍር ወረደ፤ በ1966ም እንዲሁ ሆነ፤ በ1999 እና በ2001 ደግሞ በመጠን ያነሰ ነገር ግን ታላቅ ትርኢት አሳየ። ምክንያቱ ቴምፕል-ተትል የተባለው ጅራታም ኮከብ በየ33 ዓመቱ ገደማ ወደ ፀሐይ ተመልሶ አዲስ አቧራ መተዉ ነው። ይሁንና በ1899 ውሽንፍሩ ይመለሳል ተብሎ ሕዝብ ሲጠብቅ ሳይመጣ ቀርቷል። ኮከቡ ወደ ፀሐይ የሚቀርበው ቀጥሎ በ2031 ነው፤ እስከዚያ በተራ ዓመት የሚጠበቀው በመልካም ሰማይ በሰዓት ከ10 እስከ 15 ነው።

ታዲያ ለምን ይመረጣል? በሰከንድ 71 ኪሎ ሜትር ስለሚፈጥኑና ደማቆቹ ከኋላቸው የሚያበራ ፈለግ ስለሚተዉ ነው። ፈለጉ አንዳንዴ ለብዙ ሰከንዶች፣ አልፎ አልፎም ለደቂቃዎች ይቆያል፤ በከፍታው ነፋስ ሲጣመምና እንደ ጢስ ሲበተን ማየት ይቻላል። የአሰድ ኅብረ ኮከብ የሚወጣው በእኩለ ሌሊት አካባቢ ስለሆነ ግን በምሽት መውጣት ከንቱ ነው፤ የሚሻለው ከሌሊቱ 9 ሰዓት እስከ ጎህ ያለው ነው።

ታውሪድስና ኧርሲድስ

ታውሪድስ ከሰውር ኅብረ ኮከብ የሚፈልቁ ሁለት ቅርንጫፎች ሲሆኑ፣ በኖቬምበር የመጀመሪያ ሁለት ሳምንታት ይጎላሉ። ከእያንዳንዱ የሚጠበቀው በሰዓት 5 ገደማ ነው። ቁጥሩ ያሳዝናል፤ ሆኖም ቅንጣቶቹ በሰከንድ 30 ኪሎ ሜትር በማይሞላ ፍጥነት ዝግ ብለው ይመጣሉ፣ አንዳንዶቹም የእሳት ኳስ የሚባሉት ዓይነት እጅግ ደማቆች ናቸው፤ በ2005 እና በ2015 እነዚህ በርከት ብለው ታይተዋል። የመፍለቂያ ነጥቦቹ በእኩለ ሌሊት ከፍ ስለሚሉ ሌሊቱን ሙሉ ይመቻሉ። አንድን ሌሊት ለእነርሱ ብቻ መስዋዕት ማድረግ ግን አይገባም፤ ለሌላ ጉዳይ ውጭ ባደሩበት ይምጡ።

ኧርሲድስ በዲሴምበር 22 አካባቢ በሰዓት 10 ገደማ ይሰጣል። በ1945 እና በ1986 ሳይታሰብ ጨምሮ ያውቃል። የመፍለቂያ ነጥቡ ለሰሜን ዋልታ ኮከብ ቅርብ ስለሆነ በምድር ወገብ ላይ ከ15 ዲግሪ በላይ ከፍ አይልም። ለሩቅ ሰሜን ሰዎች ይቆይ።

| ዝናቡ | የከፍታው ሌሊት | የአናት ሰዓታዊ ቁጥር | ፍጥነት (ኪ.ሜ በሰከንድ) | የከፍታው ስፋት | የሚመቸው ሰዓት | ለማን |
|---|---|---|---|---|---|---|
| ታውሪድስ | ኖቬምበር 5–12 | በየቅርንጫፉ 5 | 27–29 | ሳምንታት | ሌሊቱ ሁሉ | የእሳት ኳስ ለሚጠብቅ ታጋሽ |
| ሊዮኒድስ | ኖቬምበር 17–18 | 10–15 | 71 | አንድ ቀን ገደማ | ከሌሊቱ 9 እስከ ጎህ | ፈለግ ማየት ለሚሻ |
| ጀሚኒድስ | ዲሴምበር 13–14 | 150 | 35 | አንድ ቀን ገደማ | ከምሽቱ 4 እስከ ጎህ | ለጀማሪና ለሁሉም |
| ኧርሲድስ | ዲሴምበር 22 | 10 | 33 | ግማሽ ቀን ገደማ | ከእኩለ ሌሊት በኋላ | ለሰሜን ነዋሪ |
| ኳድራንቲድስ | ጃንዋሪ 3–4 | 80–120 | 41 | 6 ሰዓት ገደማ | ከሌሊቱ 8 እስከ ጎህ | ሰዓቱ ለገጠመለት የሰሜን ነዋሪ |

በዓይን፣ በካሜራ፣ በቪዲዮ ወይስ በሬዲዮ?

ዓይን ከሁሉ ርካሹ መሣሪያ ነው፤ ለጀማሪ ከሁሉ የተሻለውም እርሱ ነው። በአንድ ጊዜ ሰፊውን የሰማይ ክፍል ያያል፣ ደብዛዛውንም እንቅስቃሴ ይይዛል። የሚጠይቀው ዋጋ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ በጨለማ መቆየት ብቻ ነው። በዓይን ውስጥ ያለው ለጨለማ የሚሆነው ቀለም ቀስ ብሎ ነው የሚሞላ፤ አንድ ጊዜ ስልክ ከፍቶ ማየት ግማሽ ሰዓት የተጠራቀመውን ያጠፋዋል። ለጨለማ የሚሠሩት የዓይን ሕዋሳት ቀይ ብርሃን እምብዛም ስለማይሰማቸው ደብዘዝ ያለ ቀይ መብራት ይፈቀዳል። የሚታየው አቅጣጫ የመፍለቂያ ነጥቡ ራሱ መሆን የለበትም፤ እዚያ አካባቢ ፈለጎቹ አጫጭር ናቸው። ከነጥቡ 40 ዲግሪ ያህል ራቅ ብሎ፣ ከአድማስ 50 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ መመልከት ይሻላል።

ባይኖኩላርና ቴሌስኮፕ ለዚህ ሥራ አይሆኑም፤ የሚያሳዩት የሰማይ ክፍል እጅግ ጠባብ ነው። ባይኖኩላሩ የሚጠቅመው የሊዮኒድስ ፈለግ ከኋላ ሲቀር አንሥቶ ለማየት ብቻ ነው።

የፎቶ ካሜራ ያለው ሰው አንድ ነገር ቀድሞ ይረዳ። ቋሚ ኮከብ በረጅም መጋለጥ፣ ማለትም ካሜራው ለረጅም ጊዜ ተከፍቶ ብርሃን ሲቀበል፣ ይደምቃል፤ ተወርዋሪ ኮከብ ግን በአንዱ የምስል ነጥብ ላይ የሚያርፈው ለቅጽበት ስለሆነ መጋለጡን ማስረዘም አያደምቀውም። የሚያደምቀው የሌንሱ ብርሃን የማስገባት አቅምና አይኤስኦ የሚባለው የካሜራው የብርሃን ስሜት መጠን ከፍታ ነው። ስለዚህ በምርጫ ጊዜ ውድ የካሜራ አካል ከመግዛት ይልቅ ኤፍ 2.8 ወይም ከዚያ የተሻለ ክፍተት ያለው ሰፊ ሌንስ ማግኘት ይቀድማል። ከ14 እስከ 24 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ አይኤስኦ ከ1600 እስከ 6400፣ ከ10 እስከ 20 ሰከንድ መጋለጥ፣ ትኩረቱ በእጅ በደማቅ ኮከብ ላይ የተስተካከለ፣ በሦስት እግር ማቆሚያ ላይ ያለማቋረጥ የሚያነሣ፤ መነሻው ይኼ ነው። እንዲህም ሆኖ ካሜራው የሚይዘው ደማቆቹን ብቻ ነው፤ ዓይን ካያቸው አብዛኞቹ በምስሉ ላይ አይገኙም።

በመጀመሪያው የጀሚኒድስ ሌሊቴ የዘነጋሁት የሌንሱን ብርድ ነው። ካሜራውን ተክዬ ሁለት ሰዓት ያህል በዓይኔ ስቆጥር ቆየሁ። ስመለስ የፊተኛው መስታወት በቀጭን ነጭ ውርጭ ተሸፍኖ ነበር፤ ከሦስት መቶ በላይ ከሆኑት ምስሎች የመጀመሪያዎቹ ሠላሳ ጥርት ብለው፣ ቀጣዮቹ እንደ ጭጋግ ደብዝዘው፣ የቀሩት ጥቁር ግራጫ ሆነው አገኘኋቸው። ከዚያ ወዲህ በሌንሱ አንገት ላይ የሚጠመጠም ትንሽ ማሞቂያ ሳልይዝ አልወጣም፤ ትርፍ ባትሪውንም በውስጥ ኪሴ እይዛለሁ፤ ብርድ የባትሪን አቅም ይበላልና።

ቪዲዮ የሚመርጠው ሰው ሌላ ዓይነት ነው። ለደብዛዛ ብርሃን የሚሠራ የጥበቃ ካሜራ ዓይነት መሣሪያ ከአነስተኛ ኮምፒውተር ጋር ተያይዞ በጣራ ላይ ይተከልና ሌሊቱን ሁሉ ራሱ ይመዘግባል፤ ባለቤቱ ተኝቶ ያድራል። አንዱን ተወርዋሪ ኮከብ ተራርቀው የተተከሉ ሁለት ካሜራዎች ከያዙት ከፍታው፣ ፍጥነቱና በፀሐይ ዙሪያ የነበረው ምህዋር ይሰላል። ግሎባል ሜትዮር ኔትወርክ የተባለው በብዙ አገሮች የሚገኝ የካሜራዎች መረብ በዚህ መንገድ ይሠራል። ኤሌክትሪክ፣ ኢንተርኔትና ሶፍትዌር የመትከል ትዕግሥት ይጠይቃል። የሰማዩን ውበት ለማየት ብሎ የሚጀምረው ሰው ግን ይሰለቻል።

ሬዲዮ ደመና አያግደውም፤ ቀንም ይሠራል። ተወርዋሪው ኮከብ ከ80 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ሲነድድ በኤሌክትሪክ የተሞላ አየር ይተዋል፤ ከአድማስ በታች በመቶዎች ኪሎ ሜትር ርቆ ያለ ማሰራጫ ሞገድ ያንን ነክቶ ለቅጽበት ይመለሳል። ሌላ ጊዜ ባዶ በሆነው ሞገድ ላይ ድንገት የአንድ ሰከንድ ድምፅ ይሰማል፤ ያ ነው። በአውሮፓ ብዙ አማተሮች የሚያዳምጡት በ143.050 ሜጋኸርትዝ የሚሠራውን ግራቭ የተባለ የፈረንሳይ ራዳር ነው። ሌላ ቦታ ያለ ሰው የሩቅ የኤፍኤም ጣቢያ ይፈልጋል፤ በከተማ ግን ሞገዱ በቅርብ ጣቢያዎች ስለሚጨናነቅ ባዶ ቦታ ማግኘት ያስቸግራል።

ርቆ መሄድ ያዋጣል?

ይህንንም በቁጥር ማየት ይቻላል። ከከተማ ዳር ተነሥቶ ዓይን እስከ 6 ደረጃ ወደሚያይበት ጨለማ የሄደ ሰው አንድ ደረጃ ተኩል ያተርፋል፤ በጀሚኒድስ ይህ አራት እጥፍ ገደማ ነው። ስድስት ሰዓት ያለው ሰው አራቱን በመሄድና በመመለስ ቢጨርስ እንኳ በቀሩት ሁለት ሰዓታት የሚያየው በከተማ ዳር ስድስት ሰዓት ሙሉ ከሚያየው ይበልጣል። ስሌቱ በኧርሲድስ ቢደገም ትርፉ በአኀዝ የበለጠ ይመስላል፤ ግን የአንድን አምስት እጥፍ ለማግኘት ያን ያህል መንገድ በብርድ መሄድ አያስመኝም። ጨለማው መድረሱን ለማወቅ ፍኖተ ሐሊብን መፈለግ ይበቃል፤ በብርድ ወራት የሚታየው ክፍሉ ደብዛዛ ስለሆነ እርሱ ከታየ ሰማዩ መልካም ነው።

ስለ ብርዱ አንድ ብቻ እላለሁ። ጥርት ባለ ሌሊት መሬት ሙቀቷን ወደ ሰማይ ትለቃለች፤ ሳይንቀሳቀስ የተጋደመ ሰው ደግሞ ሙቀቱን ወደ መሬት ያፈስሳል። ከላይ ሁለተኛ ብርድ ልብስ ከመደረብ ይልቅ ከታች ወፍራም ምንጣፍ ማድረግ ይበልጣል። መነጽር የሚያደርግ ሰው አፍንጫውን በሻርፕ ሲሸፍን ትንፋሹ ወደ ላይ ወጥቶ መነጽሩን እንዳያጨልመው ጫፉን አጥብቆ ይያዝ።

እንደ ፍላጎትና እንደ አቅም

ምንም ወጪ ማውጣት ለማይፈልግ፣ በዓመት አንድ ሌሊት ብቻ ላለው፣ ልጆችንም ይዞ ለሚወጣ ሰው ምርጫው ያለ ክርክር ጀሚኒድስ በዓይን ነው፤ ልጆቹም እስከ እኩለ ሌሊት ቢቆዩ ይበቃቸዋል። ካሜራ ቀድሞ ያለው ሰው ሌንስ ወይም ማሞቂያ ጨምሮ በዚያው ሌሊት ይሞክር፤ ካሜራ የሌለው ግን ለዚህ ብሎ አይግዛ።

ከከተማ መሃል መውጣት የማይችል፣ ሰማዩም አዘውትሮ የሚደመንበት ሰው በሬዲዮ ይጀምር። አነስተኛ የኮምፒውተር ሬዲዮ መቀበያና ቀላል አንቴና ከጥሩ ሌንስ በእጅጉ ይረክሳሉ። ለሳይንስ የሚረባ ነገር መተው የሚሻ፣ ቋሚ ጣራና ኤሌክትሪክ ያለው ሰው ቪዲዮን ይምረጥ። ያን ያህል አቅም ሳይኖረው መመዝገብ የሚሻም አለ፤ ለእርሱ በ1988 የተቋቋመው ዓለም አቀፉ የሜትዮር ድርጅት የዓይን ቆጠራን ከአማተሮች ይቀበላል። በየሰዓቱ ስንት እንደታየ፣ ከየትኛው ዝናብ እንደሆነ፣ ዓይን እስከ የትኛው ደረጃ ድረስ ከዋክብትን ይለይ እንደነበረና ደመናው ምን ያህል እንደነበረ በእርሳስ ይጻፍ፤ እስክሪብቶ በብርድ መጻፍ ያቆማል።

በደቡባዊው ንፍቀ ክበብ ያለ ሰው ከነዚህ ውስጥ ጀሚኒድስንና ሊዮኒድስን ብቻ ይያዝ። የራሱ ረጅም ሌሊት በጁንና በጁላይ ስለሚመጣ ግን በጁላይ 30 አካባቢ ከፍ የሚለውን ደቡባዊ ዴልታ አኳሪድስን ያስቀድም፤ የአናት ሰዓታዊ ቁጥሩ 25 ገደማ ሲሆን የመፍለቂያ ነጥቡም በእርሱ ሰማይ ከአናት አቅራቢያ ያልፋል።

ጨረቃን ተመልክቶ ሌሊት ለመያዝ ለሚፈልግ፣ በ2026 ዲሴምበር 14 ጨረቃ በምሽቱ ስለምትጠልቅ የጀሚኒድስ ሌሊት ጨለማ ይሆናል። በዚያው ዓመት ኖቬምበር 17 ግማሽ ጨረቃ በእኩለ ሌሊት አካባቢ ስለምትጠልቅ ለሊዮኒድስ የሚመቸው ክፍል ነፃ ነው፤ ኧርሲድስ ግን ከሙሉ ጨረቃ ጋር ይጋጫል። በጃንዋሪ 2027 ኳድራንቲድስን የሚጠብቅ ሰው ወደ ንጋት ከምትወጣ ቀጭን ጨረቃ በቀር የሚያስቸግረው ብርሃን ከላይ የለም፤ የሚቀረው የከፍታው ሰዓት ከእርሱ ሌሊት ጋር መግጠሙን ማጣራት ነው።